ጉንፋኑ ጆሮዬ ውስጥ የከረመበት የማንጎ ወራት

አምና ግንቦት ላይ ጉንፋን ይዞኝ አሶሳ ወረድኩ። አፍንጫ ተዘግቶ አውሮፕላን ላይ መውጣት ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የአክስቴ ልጅ ሠርግ ለእኔ አፍንጫ ተብሎ አይዘዋወርም። አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር አንድ ሰው ግራ ጆሮዬ ውስጥ ቡሽ የሚወትፍ መሰለኝ። ቀኙ ተከተለ። ምራቄን ዋጥኩ፣ አዛጋሁ፣ አፍንጫዬን ይዤ ነፋሁ፤ ምንም። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ማስቲካ ዘርግቶልኝ አንድ ነገር ተናገረ። "አመሰግናለሁ" አልኩት። ለካ ጥያቄ ጠይቆኝ ኖሯል፤ እስክንወርድ ድረስ መልሱን እየጠበቀ በጎን ያየኝ ነበር።

ባጃጁ ውስጥም ያው ነው። ሞተሩ ከሌላ ሠፈር የሚመጣ ይመስላል፤ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ ያወራኛል፣ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። መንገዱ ዳር ማንጎ ወድቆ ተፈርጦ፣ ዝንብ ወርሮት አየሁ። ያ ነገር ምን እንደሚሸት አውቃለሁ፤ ግማሹ ጣፋጭ፣ ግማሹ እንደ ጠላ የቦካ። ያን ቀን ግን ምንም አልሸተተኝም። ሽታ የድሮ ነገር ያስታውሳል ይባላል። እኔን ያስታወሰኝ የሽታው መጥፋት ነው፤ አንድ ጊዜ፣ በዚችው ከተማ፣ በዚሁ የማንጎ ወር፣ እንዲሁ ሳይሸተኝና ሳይሰማኝ ከርሜ ነበርና።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ወላጆቼ በሠፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። አባቴ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ሲቀጠር ከሠፈራ ጣቢያው ወጥተን ከተማው ዳር፣ ሁለት የማንጎ ዛፎች ያሉበት ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። በዚያ ዓመት ማንጎው ሳያልቅ ዝናቡ ገባ፤ ከዝናቡ ጋር ጉንፋን ገባ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ላይ ሳለ። እናቴ ወርቄ ዳማከሴ ጨምቃ አፍንጫዬ ውስጥ ጠብ አደረገችልኝ፤ ዓይኔ በእንባ ተሞላ፤ ንፍጤም ከጥቂት ቀን በኋላ ቆመ።

"ለቀቃት" አለች እናቴ።

ጎረቤታችን እትዬ ድንቄ፣ እንደኛው ከወሎ የመጡ፣ የሠፈሩ በሽታ ሁሉ ሳያማክራቸው የማያልፍ የሚመስሉ ሴት፣ አገጬን ይዘው ፊቴን አገላበጡት። "አፍንጫዋን ለቀቀ እንጂ መች ወጣ። ጉንፋን እንዲህ ነው፤ ሳሎን ሲያባርሩት ጓዳ ይገባል።"

የሚገርመው እትዬ ድንቄ ከዕውነቱ እምብዛም አልራቁም። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ሥራው ጆሮን ማናፈስ ነው። የጉንፋን ቫይረስ አፍንጫን ሲያሳብጥ ይህም መተላለፊያ አብሮ ያብጣል። በልጆች ላይ ደግሞ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። አየር አልገባ ሲል ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ውሃ ያቁራል፤ ልጁም ሳያመው፣ ሳይታመም፣ አይሰማም። አብዛኛውን ጊዜ ውሃው በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ይህን ሁሉ ግን ያኔ ማንም አላወቀም፤ እኔ ደግሞ የማውቀው የእትዬ ድንቄን ጓዳ ብቻ ነበር። ጉንፋን የሚባል ተከራይ ከፊተኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ውስጠኛው እንደገባ አመንኩ። እንዳይመቸው ብዬ በጆሮዬ ላይ ተኛሁ። በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት። ቆሎ ሳኝክ የገዛ ጥርሴ ድምፅ ኮረት ላይ እንደሚረማመድ በቅሎ ያደነቁረኛል፤ ስናገር ድምፄ ከእንስራ ውስጥ ይወጣል። ማንጎው ጣዕሙን ጥሎ ስኳር የገባበት ውሃ ሆነብኝ።

የሌላው ሰው ድምፅ ግን ቀነሰ።

አይሰማኝም ብዬ አላሰብኩም። ልጅ ጆሮው ሲደክም ጆሮዬ ደከመ አይልም፤ ዓለም ዝም አለ ነው የሚለው። ዘመኑም ለስህተቴ ተባበረ፤ ሰው እየተንሾካሾከ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። አባቴ ሬዲዮ የሚከፍተው መስኮት ዘግቶ፣ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ዞር ብሎ በሩን ያያል። ስለዚህ የሰዎች ድምፅ እየወረደ ሲሄድ ነገሩ ብሷል ማለት ነው አልኩ። ትልቅ ምስጢር አለ፤ ከእኔ ተደብቋል። ዶሮዎቹ እንኳ የተነገራቸው ይመስል ድምፃቸውን ቀንሰዋል። ለሠፋሪ ልጅ ደግሞ ትልቁ ምስጢር አንድ ብቻ ነው፤ እንደገና መኪና ላይ ጭነው ሊወስዱን ነው። ሹራቤንና ማበጠሪያዬን በጨርቅ ቋጥሬ አልጋ ሥር ሸጎጥኩ። መኪናው ሲመጣ ተዘጋጅቼ እንድገኝ ነው።

እናቴ ውሃ አምጪ ስትለኝ ቆሜ ቀረሁ፤ እንጨት አቀብዪኝ ስትለኝ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ጆሮዬን ይዛ ጠመዘዘችው። "ይሄ ጆሮ ነው ወይስ ጌጥ?" አለችኝ፤ አፏ እዚያው ጆሮዬ ሥር ስለነበር ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

በዚያው ሰሞን ክፍላችን አዲስ አስተማሪ መጡ፤ ጋሼ ደሳለኝ፣ ከጎጃም የተዛወሩ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው የሰፋባቸው ሰው። ከክፍላችን ግማሹ የበርታ ልጆች ነበሩ፤ አማርኛን የሚሰሙት ትምህርት ቤት ሲመጡ ነው። ጋሼ ደሳለኝ ልጆቹን ለመርዳት ብለው አማርኛ ያልለመዱትን በመስኮቱ በኩል ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ለብቻ ሊያስቀምጡ ወሰኑ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ፣ በሩ አጠገብ ቆመው እያንዳንዳችንን ጠየቁን። እኔ ጋ ሲደርሱ አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ፈገግ አልኩ። ደገሙት። ፈገግታዬን አሰፋሁት። ጋሼ ደሳለኝ በርኅራኄ ራሳቸውን ነቀነቁና እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ።

ክፍሉ ሳቀ። በኋላ እንደሰማሁት አንድ ልጅ "ጋሼ፣ እሷ እኮ…" ብሎ ጀምሮ "በማያውቅ ሰው አይሳቅም፣ ተቀመጥ" ተብሎ ተቆጥቷል።

እንግዲህ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማታውቀው የወሎ ሠፋሪ ልጅ አማርኛ ልትማር ተቀመጠች። ይህ ስህተት አሶሳ ካልሆነ የትም ሊፈጸም አይችልም፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ደደብ ተብዬ ወደ ኋላ እወረወር ነበር። እዚህ ግን ላለመስማት የተዘጋጀ ክቡር ምክንያት ነበረኝ።

ጋሼ ደሳለኝ ከእኛ ዘንድ ሲመጡ ጎንበስ ይላሉ። ፊታችንን ያያሉ። "ይህ፣ መስኮት፣ ነው" ይላሉ ጮክ ብለው፣ በየቃሉ እያረፉ፣ በእጃቸው እየነኩ። እኔም ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ሰማሁ። "መስኮት" አልኩ። "በር" አልኩ። "ጥቁር ሰሌዳ" አልኩ። በአጭር ጊዜ እንዲህ አማርኛ የለመደ ልጅ አይተው እንደማያውቁ እየተናገሩ ለዳይሬክተሩ አሳዩኝ። ብዙ ጊዜ በእኚህ ሰው ላይ ላሾፍ ብዕር አንሥቼ አውቃለሁ፤ አልሆነልኝም። በስህተት የመረመሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ፊቴን እያዩ ያናገሩኝም እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ያወቀችብኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ሐዋ ናት። የበርታ ልጅ፣ ከእኔ ረዘም ያለች፣ ጥርሷ ፊት ለፊት ፍንጭት። አንድ ቀን እረፍት ላይ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከጀርባዬ ሆና አጨበጨበች፤ አልዞርኩም። መጥታ ፊቴ ቆመች፤ አማርኛዋ ገና ወንድና ሴት አይለይም።

"አንተ ጆሮ ሞተ?"

"አልሞተም። ጉንፋን ነው።"

"ጉንፋን እዚህ ነው" አለች አፍንጫዋን እየነካች።

"ከዚህ ወደዚህ ገባ" አልኩና መንገዱን በጣቴ አሳየኋት።

"ወላሂ?" አለች። አሰበችበት። "ታዲያ በየት ይወጣል?"

ይህን ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። እኔም አላሰብኩበትም።

ከዚያ በኋላ ሐዋ ደወሌ ሆነች። ደወላችን የተሰቀለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ በክርኗ ጎኔን ትደቁሰኛለች። ጋሼ ሲጠሩኝ በጉልበቷ ትነካኛለች። መልሱን ሳታውቅ ጥያቄውን በእጇ ትነግረኛለች።

ጋሼ ደሳለኝ ወላጆቼን ሊያመሰግኑ እቤት መጡ። እናቴ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ዳጉሳ ታበጥራለች፤ እትዬ ድንቄ ወንፊት ይዘው አጠገቧ ናቸው። ቀጥሎ ያለውን በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ እትዬ ድንቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሩት ነው የኖሩት።

"እንደምን፣ ዋሉ፣ እናቴ" አሉ ጋሼ ደሳለኝ፣ ጮክ ብለው፣ በእጃቸው ሰላምታ እያሳዩ።

እናቴ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። "እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ልጅዎ፣ ጎበዝ፣ ናት። አማርኛ፣ እየቻለች፣ ነው።"

"ምን እየቻለች ነው?"

"አማርኛ። እቤት ውስጥም፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቢያወሯት…"

"ጋሼ፣ እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ከአማርኛ ሌላ በምን ላወራት ነው?"

እትዬ ድንቄ በሳቅ ወንፊታቸውን ጣሉ። እናቴ ግን አልሳቀችም። እኔን አየችኝ። እኔ የጋሼን አፍ እያየሁ ነበር፤ በዓይኔ ተጣብቄበት። ተነሥታ ወደ ጀርባዬ ዞረች። ስሜን ጠራች። ማንጎ ትበያለሽ ወይ አለች። ጮክ አለች።

ከሁሉ በፊት የተለወጠው የጋሼ ደሳለኝ ፊት ነው። ደሙ ከላዩ ሲሄድ አየሁና ምን እንዳዩ ለማወቅ ዞርኩ። እናቴ በክንድ ርቀት ላይ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗ ሞልቶ ቆማለች። እንግዲህ ወሬው መጣ፣ ሊጭኑን ነው አልኩ በልቤ።

"ዕቃዬን ላምጣ?" አልኳት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። እዚያ የነበረው ሠራተኛ ጆሮዬን በባትሪ አየና ቁስል የለም፣ መግልም የለም፣ ጉንፋኑ ያመጣው ነው፣ ጠብቁ፣ ከቆየ ወይም ካመማት መልሷት አለ። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። በእኛ ሠፈር ባዶ እጅ ከጤና ጣቢያ መመለስ ተንቆ እንደመባረር ነበር። ጠብቁ ማለት መድኃኒት መሆኑን ሰው እስካሁንም አልተቀበለም፤ እኔም ሲያመኝ አልቀበለውም። እናቴ የኑግ ዘይት ለብ አድርጋ በጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ጨመረች። የባሰውን ደፈነው።

እትዬ ድንቄ ፍርዳቸውን ሰጡ። ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ ቆነጠር አደረጉ፤ ከዚያ በሁለት ጣታቸው ቆረጥ። ይህን ለመስማት ጆሮ አያስፈልግም። እንጥሏ ወርዷል፣ ይቆረጥ ነው። ቆራጯ እማማ ዘርፌ ከገበያ ማግስት እንዲመጡ ተላከባቸው።

እንጥል ምን እንደሆነ ሐዋን ጠየቅኳት። ጓሮ ሄደን አፋችንን ከፍተን ተያየን። እዚያ ጥልቁ ውስጥ አንዲት ቀይ ነገር ተንጠልጥላለች፤ ስናገር ትወዛወዛለች። እንግዲህ ገባኝ። ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት፤ ቸርኬው እንደሚመታበት ብረት። እሷን ከቆረጧት ደንቆሮነቴ ላይ ዲዳነት ይጨመርብኛል።

"የአንተ ጥሩ ነው" አለች ሐዋ በደንብ አይታ። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። "ወንድም የኔ ቆረጡ። ደም ደም። አልቆመም።"

"ዳነ?"

ሐዋ ጫማዬን አየች። ደግሜ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በትልቅ ሰው ፊት አፌን አልከፈትኩም። ስበላ ወደ ግድግዳ እዞራለሁ። ማዛጋት ሲመጣብኝ ጥርሴን ነክሼ እውጠዋለሁ። እናቴ ሌላ በሽታ መሰላት፤ የእማማ ዘርፌን መምጣት እያፋጠንኩት መሆኑን አላወቅኩም።

እማማ ዘርፌ በሚመጡበት ቀን አባቴ ገና በማለዳ ወጣ፤ ማየት አልሆነለትም። እናቴ ውሃ አፈላች። ራሴን የሚይዙት እትዬ ድንቄ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። እኔ ግድግዳ ጥግ ነኝ፤ ከንፈሬን ስለነከስኩት የደም ጣዕም አፌ ውስጥ አለ። እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ገቡ። ምላጩ በጨርቅ ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ ነበር። እናቴ ሰላም ስትላቸው ፊታቸውን ጨመደዱና፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዘንበል አሉ። ያ፣ አልሰማ ሲለኝ የማደርገው፣ የእኔ ምልክት ነበር። በትልቅ ሰው ላይ አይቼው አላውቅም። ከዚያ አነጠሱ።

ንግግሩን እንደተለመደው እትዬ ድንቄ ናቸው ያቆዩልኝ።

"ጮክ በዪ ልጄ። ይሄ ጉንፋን ጆሮዬን ወትፎታል።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች እናቴ ጮክ ብላ።

"ዝናቡ ከገባ ወዲህ። ተዪው፣ ያልፋል። ጉንፋን አይደል?"

እናቴ ጠጋ አለች። "እንጥልዎን አስቆረጡት?"

"የኔን?" አሉ እማማ ዘርፌ። "እኔ ምን ሆኜ?"

እናቴ ጨርቁን አየች። ግድግዳው ጥግ ያለሁትን እኔን አየች። ከእሳቱ ላይ ውሃውን አወረደችው።

"እንግዲያውስ የእሷም ይለፍ።"

"ወርቄ" አሉ እትዬ ድንቄ፣ "ጠርተሽ ከደጅ ልትመልሻቸው ነው?"

"ከደጅ አልመለስኳቸውም። ሻይ አፈላላቸዋለሁ። ጆሯቸው ሲከፈት ይምጡና ያን ጊዜ እንነጋገራለን።"

እማማ ዘርፌ ሻዩን አልጠጡም። እናቴ የሰጠቻቸውን ማንጎ ግን ተቀበሉ። በሩ ላይ ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው፣ ዞረው የተናገሩትን እኔም ከአፋቸው ለቀም አደረግኩት፤ ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት። "ደንቁራ ብትቀር እኔ የለሁበትም።"

እኔ ዳንኩ ብዬ አፌን በሰፊው ከፍቼ አዛጋሁ። እናቴ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሳች። ቀድሞ ጥፋቱ የጉንፋኑ ነበር፤ አሁን የእሷ ሆነ። ሠፈሩ ልጇን ለማዳን ያልደፈረች ሴት አላት። አባቴ ሲያናግረኝ ፊቴ ቁጢጥ ይላል፣ መልሴን ሲሰማ እሷን ያያታል። ጋሼ ደሳለኝ ስለ ስህተታቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ከሐዋ አጠገብም አላነሡኝም። ብቻ ከዚያ በኋላ ለክፍሉ ሁሉ ወደ ልጆቹ ዞረው፣ ቀስ ብለው ማስተማር ጀመሩ። በበሩ በኩል ያሉት ልጆች እንደ ሕፃን አደረጉን ብለው አጉረመረሙ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል መጀመሪያ አፍንጫዬ ተመለሰች። ከትምህርት ቤት ስመጣ መንገድ ላይ የሆነ ነገር መታኝና ቆምኩ፤ ከዝናብ በኋላ ያለ ጭቃ፣ የበሰበሰ ማንጎ፣ የአንድ ሰው የሚቃጠል ሽንኩርት። ለማንም አልነገርኩም። ብናገረው የሚሸሽ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ጀርባዬን ለግቢው ሰጥቼ ተቀምጬ ሳዛጋ፣ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ጥሬ ሽምብራ ጥርስ ሥር እንደሚሰበር ጧ አለ። ዶሮዎቹ መጡ። የወንፊቱ ሽው ሽው መጣ። ከበስተኋላዬ እናቴ ለእትዬ ድንቄ በዝቅተኛ ድምፅ የምትለው መጣ።

"…እንዲሁ ከቀረች፣ ያደነቆርኳት እኔ ነኝ።"

"አላደነቆርሽኝም" አልኩ ሳልዞር።

ወንፊቱ ቆመ። እንደገና ተዘጋ እንዴ ብዬ ልቤ ደነገጠ።

"ዓለሜ" አለች እናቴ በጣም ቀስ ብላ።

"አቤት።"

"አትዙሪ።" እግሯ አፈሩ ላይ ሲራመድ ሰማሁት። "አሁንስ?"

"ይሰማኛል።"

ወደ መጀመሪያው ማንጎ ሄደች፣ ድምፅዋን ከፊተኛው ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ። አቤት አልኩ። ወደ ሁለተኛው ሄደች። አቤት አልኩ። ወደ አጥሩ ሄደች። ጠበቅኩ። ነፋስ ቅጠሉን ያንሿሿዋል፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም። መዋሸት አሰኘኝ፤ ግን ምን እንዳለች ብትጠይቀኝስ?

"አሁን አልሰማሁም" አልኩና ዞርኩ። እናቴ አጥሩን በአንድ እጇ ይዛለች፤ ፊቷ ልክ ጋሼ ደሳለኝ እቤት እንደመጡበት ቀን ሆኗል።

"ወርቄ፣ ነይ ተመለሺ" አሉ እትዬ ድንቄ። "እኔም አልሰማሁሽም።"